ኮሌጁን ስለሚለውጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች
(በተማሪዎች የስፖርት ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ የአሜሪካ ተማሪ የቅርጫት ኳስ ይጫወታል፤ ካለበት ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ ሊዛወር ያስባል፤ ሲጨርስም በኳስ እንጀራውን ሊበላ ይመኛል። «ይዛወር እንግዲህ፤ እኛን ምን ቸገረን?» የሚል ከመካከላችሁ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ነገሩን ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ጥያቄው የኳስ ብቻ ሆኖ አይገኝም። የሃያ ዓመት ወጣት ስለ ራሱ ዕድል ሲወስን በውሳኔው ላይ እጃቸውን የሚያስገቡት እነማን ናቸው? ስሕተትስ ቢሠራ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? ይህ ጥያቄ የትምህርት ክፍሉን ለመለወጥ ማመልከቻ ይዞ በሬጂስትራር በር ላይ ለቆመ ለማንኛውም ተማሪ እንግዳ አይደለም። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በእኛ አገር ኳስ ተጫዋች የሚያድገው በክለብ ነው። በአሜሪካ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ታላቁ የሙያተኞች ማኅበር ወደ ኤን.ቢ.ኤ. የሚወስደው የተለመደው መንገድ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያልፋል። ልጁ የነጻ ትምህርት ዕድል ይሰጠዋል፤ እሱም በምትኩ ለትምህርት ቤቱ ይጫወታል። የውድድሩን ሕግ የሚያወጣው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የሚባለው የኮሌጆች ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር ለብዙ ዘመን ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ሲከለክል ኖሯል፤ ተጫዋቹ ገንዘብ እንዳይቀበል፥ ደግሞም ትምህርት ቤት ቢለውጥ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት እንዲቀመጥ። አሠልጣኙ ግን ዛሬ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ለቆ ነገ በሌላው ደመወዙን ሲቀበል «አንድ ዓመት ተቀመጥ» የሚለው ማንም አልነበረም።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የላሪ በርድ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቀየሙኝ።

ላሪ በርድ በ1956 በኢንዲያና ግዛት ተወለደ። ያደገባት ፍሬንች ሊክ የሁለት ሺህ ያህል ሰው ከተማ ነበረች፤ ቤተሰቡም ድኻ ነበር። የኢንዲያና ሕዝብ ለቅርጫት ኳስ ያለው ፍቅር በመላው አሜሪካ የታወቀ ነው። ስለዚህ በ1974 ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ታላቁ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ፥ ወደ ስመ ጥሩው አሠልጣኝ ወደ ቦብ ናይት በነጻ የትምህርት ዕድል ሲገባ አገሩ ሁሉ «ዕድል በራ!» አለ። ዳሩ ግን አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከሠላሳ ሺህ በላይ ተማሪ በሚተራመስበት ግቢ ውስጥ ያ የገጠር ከተማ ልጅ መተንፈሻ አጣ። በኪሱ ገንዘብ፥ በሻንጣው ልብስ አልነበረውም። ሰው አላባረረውም፤ ኳሱም አላቃተውም።

እንግዲህ አስቡት። ጎረቤት ምን ይላል? እናት ምን ትላለች? በከተማው ማዘጋጃ ቤት ተቀጥሮ ቆሻሻ በሚያነሣ መኪና ላይ ሠራ፤ ሣር አጨደ፤ መንገድ ጠገነ። ይህን ሥራ እንደወደደውም በኋላ ራሱ ተናግሯል። በ1975 መጀመሪያ ላይ ደግሞ አባቱ ሞቱበት። በዚያን ጊዜ ፍሬንች ሊክ ውስጥ ቆሞ ያንን ረዥም ልጅ በቆሻሻ መኪና ላይ ያየ ሰው «ይህ ልጅ አበቃለት» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ቢል ሆጅስ የሚባሉ የኢንዲያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሠልጣኝ ግን እስከ ቤቱ ድረስ እየተመላለሱ ለመኑት። ኢንዲያና ስቴት በቴር ሆት ከተማ የሚገኝ፥ ከታላቁ ዩኒቨርሲቲ በጣም የሚያንስ፥ በኳስም ስሙ እምብዛም የማይነሣ ትምህርት ቤት ነበር። ልጁ በ1975 እዚያ ተመዘገበ። ሕጉ ሕግ ነውና የ1975–76ን የውድድር ዓመት ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር እየተለማመደ፥ ጨዋታ ሲደርስ ግን ከዳር ሆኖ እየተመለከተ አሳለፈ። ሐዘኑን የሚያብሰው ደግሞ ይህ ነው፤ ጥሎት የወጣው የቦብ ናይት ቡድን በዚያው ዓመት 32 ጨዋታ ተጫውቶ 32ቱንም አሸንፎ የአገሩን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ በወንዶች ውድድር አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደ ቡድን የለም። የሃያ ዓመት ልጅ ሆናችሁ ይህን ከዳር ቆማችሁ ስታዩ የሚሰማችሁን ገምቱ! «ብቆይ ኖሮ» የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይሰጣል?

በሚቀጥለው ዓመት ግን ላሪ በርድ ወደ ሜዳ ገባ፤ በየጨዋታው በአማካይ 32.8 ነጥብ አገባ፤ ኢንዲያና ስቴትም 25 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ። በ1979 ያ ማንም የማያውቀው ትምህርት ቤት 33 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። ማርች 26 ቀን በሶልት ሌክ ሲቲ ከሚሺጋን ስቴት ጋር ገጠመ፤ በዚያ በኩል ማጂክ ጆንሰን ነበር። 75 ለ64 ተሸነፉ። በርድ 21 ጊዜ ወርውሮ ያገባው 7 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲያልቅም ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ አለቀሰ። ቴሌቪዥን ካላቸው የአሜሪካ ቤቶች መካከል የዚያን ሌሊቱን ጨዋታ ያህል ከፍ ያለው ድርሻ ያየው የኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ የለም።

አሁን ወደ ሙያው ጥያቄ እንሸጋገር። ኤን.ቢ.ኤ. አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚወስደው ድራፍት በሚባል የምርጫ ሥርዓት ነው፤ ቡድኖቹ በተራ ስም ይጠራሉ፤ የተጠራውም ልጅ ለጠራው ቡድን ይሆናል። በቀድሞው ደንብ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ አራት ዓመት ያልሞላው ተጫዋች አይወሰድም ነበር። ይህን ደንብ ያናወጠው ስፔንሰር ሄይዉድ ነው። በልጅነቱ በሚሲሲፒ ጥጥ የለቀመ፥ በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳይ ያገኘ፥ እሱም ራሱ ከአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ወደ ዲትሮይት ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ ልጅ ነበር። በ1971 ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ውሳኔው ለእሱ ሆነ። ዛሬ ለትርፋቸው ኮሌጅ እየተዉ የሚሄዱ ወጣቶች ሁሉ የዚህን ሰው ስም ቢያውቁት መልካም ነበር፤ ብዙዎቹ ግን አያውቁትም።

በርድን ግን የጠቀመው ያው ያሳለፈው አንድ ዓመት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ በ1978 አራት ዓመት ስለ ሞላው፥ ገና አንድ ዓመት የሚጫወትበት ጊዜ እያለው ቦስተን ሴልቲክስ በስድስተኛ ተራ ጠሩት። አምስት ቡድኖች አልፈውት ሄደዋል፤ ይመጣል አይመጣም እያሉ አንድ ዓመት መጠበቁን ስላልወደዱት ይመስለኛል። እሱ ግን በኮሌጁ ቆየ። በ1979 ያን ዓመት ተጫውቶ፥ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ዲግሪውን ይዞ፥ ጁን 8 ቀን ለአምስት ዓመት 3 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር ፈረመ። ለአዲስ ተጫዋች እስከዚያን ቀን ያን ያህል ተከፍሎ አያውቅም። ከእሱ በፊት በነበረው ዓመት 29 አሸንፎ 53 የተሸነፈው ቦስተን፥ እሱ በመጣበት ዓመት 61 አሸንፎ 21 ተሸነፈ። በ1981፥ በ1984ና በ1986 ሦስት ዋንጫ ተከተለ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰዎች የሚያወጡት ትርጓሜ «ወደ ትንሽ ትምህርት ቤት ሂድ፥ ትልቅ ትሆናለህ» የሚል ነው። እኔ ይህን አልቀበለውም። እንደ በርድ ከትልቅ ወደ ትንሽ ወርደው እዚያው ጠፍተው የቀሩ እልፍ ናቸው፤ መጽሐፍ ስላልተጻፈላቸው አናውቃቸውም። በበርድ ውሳኔ ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሲሄድ ወደ ላይ ለመውጣት ብሎ አልሄደም፤ መተንፈስ ወደሚችልበት ቦታ ነው የሄደው። ለዚህም አንድ የውድድር ዓመት ከፍሏል።

ዛሬ ያ ክፍያ የለም። በኦክቶበር 2018 ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የዝውውር መዝገብ ከፈተ፤ ተጫዋቹ ስሙን በመዝገቡ ያስገባል፤ ስሙ ከገባ በኋላ የፈለገው አሠልጣኝ ሊያነጋግረው ይችላል። በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የተዛወረ ሁሉ ሳይቀመጥ እንዲጫወት ተፈቀደ። በ2023 መጨረሻ በዌስት ቨርጂኒያ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት የቀረውን እገዳ አስቆመ፤ በ2024 ማኅበሩ ራሱ ደንቡን ለወጠ። ትምህርቱን በሚገባ እስከተከታተለ ድረስ ተጫዋቹ በየዓመቱ ቢዛወር ከልካይ የለውም። ገንዘቡም እንዲሁ ነው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ስማቸውንና መልካቸውን ለማስታወቂያ ሸጠው እንዲጠቀሙ ተፈቀደላቸው። በጁን 2025 ደግሞ አንድ ዳኛ ባጸደቁት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ድረስ በቀጥታ እንዲያካፍሉ ሆነ። ይህ ለሁሉም ስፖርት ተጠቃሎ ነው፤ የሚበዛው ግን ወደ አሜሪካ እግር ኳስ ይሄዳል።

ይህ ፍትሕ ነው ወይስ ገበያ? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱንም ነው። ስታዲዮሙን ሕዝብ የሚሞላው ልጁን ለማየት ሆኖ ሳለ ከልጁ በቀር ሁሉም ሲካፈል መኖሩ ነውር ነበር። ነገር ግን ገበያ በተከፈተ ጊዜ ገበያ የሚወጣው ዕቃ ሁሉ አይሸጥም። ቁጥሩን አብረን እናስላ። በከፍተኛው ክፍል ከ350 በላይ ትምህርት ቤቶች ይወዳደራሉ፤ እያንዳንዱ አሥራ አምስት ያህል ተጫዋች ቢይዝ ከአምስት ሺህ በላይ ወጣት ይሆናል። በቅርብ ዓመታት ከእነዚህ ከሁለት ሺህ የሚበልጡት በአንድ ዓመት ስማቸውን ወደ መዝገቡ አስገብተዋል። በሌላው ጫፍ የኤን.ቢ.ኤ. ድራፍት በዓመት ከ60 የማይበልጥ ስም ይጠራል፤ ከእነዚህም ጥቂት የማይባሉት ከአሜሪካ ኮሌጅ ያልመጡ የባሕር ማዶ ልጆች ናቸው። ስሙን ባስገባ ልጅ ላይ ደግሞ የቀድሞው ትምህርት ቤት የተሰጠውን የነጻ ትምህርት ዕድል በሴሚስተሩ መጨረሻ ሊያነሣበት ይችላል። ማለት፥ ድልድዩን ተሻግሮ በዚያ ማዶ የሚቀበለው ቢያጣ፥ የተሻገረበት ድልድይ ከኋላው ተነሥቶ ሊጠብቀው ይችላል። ስለ እነዚህ ጋዜጣ አይጽፍም።

ክሬዲትም አለ። እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ የምታውቁት ነገር ስለሆነ አላስረዝምም። አንድ ተጫዋች ለመጫወት እንዲፈቀድለት ከዲግሪው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 40 በመቶ፥ በሦስተኛው 60፥ በአራተኛው 80 በመቶ መሙላት አለበት። አዲሱ ትምህርት ቤት የቀድሞውን ኮርስ ካልተቀበለው ግማሹ ልፋት በመንገድ ይቀራል። ሦስት ጊዜ የተዛወረ ልጅ የትኛውን የትምህርት ክፍል እንደሚመርጥ የሚወስነው ፍላጎቱ ሳይሆን የተረፈለት ክሬዲት ይሆናል። ይህን የምናገረው ለመተቸት ብቻ አይደለም። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ኤን.ቢ.ኤ. እንደማይገባ ሲታወቅ፥ ለዘጠና ዘጠኙ የሚቀረው ያው ወረቀት ነው።

የተሳካለትንም ልጥቀስ፤ አለዚያ ፈሪ አስመስላለሁ። ዳልተን ኔክት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዞር ብለው ያላዩት የኮሎራዶ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት በአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ፥ ሁለት ዓመት በሰሜን ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። ከዚያ በ2023 በመዝገቡ በኩል ወደ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ በየጨዋታው 21.7 ነጥብ አገባ፤ በ2024ም ሎስ አንጀለስ ሌከርስ በ17ኛ ተራ ጠሩት። ለእሱ መዝገቡ እውነተኛ በር ሆኖለታል።

ሆኖም ማርች 31 ቀን 2024 በዲትሮይት የተደረገውን ጨዋታ ያየ ሰው በሩ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ይገነዘባል። ኔክት በዚያን ቀን 37 ነጥብ አገባ። በወዲያ በኩል የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ዛክ ኢዲ 40 አገባ፤ ፐርዱም 72 ለ66 አሸነፈ። ኢዲ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 የሆነ የካናዳ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ዘጠኝ ነጥብ እንኳ አላገባም። በ2023 ቡድኑ በውድድሩ የመጨረሻ ደረጃ በተሰጠው በአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ተሸንፎ የአገር መሳቂያ ሆነ። በዚያ ጊዜ ስሙን ወደ መዝገቡ ቢያስገባ ስንቱ በደጁ ይሰለፍ ነበር! እሱ ግን አራቱን ዓመት በፐርዱ ጨረሰ፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የአገሩ የኮሌጅ ኮከብ ተባለ፤ በድራፍቱም በ9ኛ ተራ ተጠራ። ከኔክት ስምንት ተራ ቀድሞ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ኢዲ በተማሪ ቪዛ ያለ የውጭ አገር ዜጋ በመሆኑ ጓደኞቹ በስማቸው ያገኙትን ገንዘብ እንደ እነሱ በቀላሉ ለማግኘት አልቻለም። ከእኛ ወገን በአሜሪካ በተማሪ ቪዛ የሚማር ተጫዋች ቢኖር ይህ ገደብ እሱንም ይነካዋል፤ ከመፈረሙ በፊት በግቢው ያለውን የውጭ አገር ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

በመዛወርና ባለመዛወር መካከል የሚፈርደው እንግዲህ ምንድን ነው? የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። አዲሱ አሠልጣኝ በዚያ ቡድን ስንት ደቂቃ እንደሚያጫውተው፥ በየትኛው ቦታ እንደሚያሰልፈው፥ ያልቻለውን ማን እንደሚያስተምረው መልስ ያላገኘ ልጅ በገንዘብ ብቻ ቢሄድ ሙያውን በገዛ እጁ እያሳጠረ ነው። የኤን.ቢ.ኤ. መልማዮች በወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው አይመለከቱም። በሌላ በኩል ገንዘቡ ከንቱ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች ሒሳቡን አልሠሩም። በኤን.ቢ.ኤ. ሥር ባለው በታናሹ ሊግ የአንድ የውድድር ዓመት ደመወዝ 45 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው፤ በታላቅ ዩኒቨርሲቲ የሚሰለፍ ጥሩ ተጫዋች ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊያገኝ ይችላል። ውጤቱም ታይቷል። በ2021 ጊዜያቸው ሳይደርስ ወደ ድራፍት የተመዘገቡት ከ350 በላይ ነበሩ፤ በ2025 ግን 106 ብቻ ሆኑ። ልጆቹን በኮሌጅ ያቆየው የመምህራን ምክር አልነበረም።

ሙያተኛ የሆነ ሰው ደግሞ የመዛወር ነጻነቱን እዚያው በር ላይ ጥሎት እንደሚገባ አይርሱት። ያው ኔክት በኖቬምበር 2024 በአንድ ጨዋታ ዘጠኝ ጊዜ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ አግብቶ የአዲስ ተጫዋቾችን ክብረ ወሰን ተካፈለ። ሦስት ወር ሳይሞላ በፌብሩዋሪ 2025 ሌከርስ ለሻርለት ለወጡት። ከጥቂት ቀን በኋላ በምትኩ የመጣው ተጫዋች የሐኪም ምርመራ አላለፈም ተብሎ ልውውጡ ፈረሰ፤ እሱም ሸጠውት ወደ ነበሩት ሰዎች ቤት ተመለሰ። በኮሌጅ ሳለ ወዴት እንደሚሄድ የመረጠው ራሱ ነበር፤ በሚሊዮን ከተቀጠረ በኋላ ግን የጠየቀው የለም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ እሱን ለክርክሩ እተወዋለሁ። ዋልተር ክሌይተን በአዮና፥ በኒው ዮርክ ባለ አንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ሠልጥኖ በ2023 ወደ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። አሠልጣኙ ሪክ ፒቲኖም በዚያው ዓመት አዮናን ለቀው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደዋል። በአፕሪል 2025 ፍሎሪዳ ሂውስተንን 65 ለ63 አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሣ የውድድሩ ኮከብ የተባለው ክሌይተን ነው፤ ከዚያም በ18ኛ ተራ ወደ ኤን.ቢ.ኤ. ተጠራ። ልጁን ኮትኩቶ ያሳደገው አዮና ምን አገኘ? በዓለም እግር ኳስ ፊፋ ከ2001 ጀምሮ ወጣቱን ላሠለጠነ ክለብ ካሳ እንዲከፈል ደንግጓል። እንዲህ ያለ ደንብ ለኮሌጆችም ይውጣ የሚሉ አሉ። እኔ ግን ገዢው የሚከፍለውን ካሳ ከተጫዋቹ ድርሻ ላይ እንዳይቀንሰው እፈራለሁ፤ ያ ከሆነ አንድ ዓመት ማስቀመጡ ቀርቶ በሌላ ስም ያው ቅጣት ተመለሰ ማለት ነው። ኢኮኖሚክስ የምታስተምሩን መምህራን በመካከላችን ስላላችሁ መጀመሪያ እናንተ ተናገሩበት፤ እኔ ቦታዬን ለቅቄያለሁ።